ይህን ድርሰት ማን ያነበዋል?

ከሰዓት በኋላ በአንድ የጎጃም ቅኔ ቤት ዙሪያ የሚያልፍ እንግዳ፣ በየዛፉ ጥላ ለየብቻቸው ተቀምጠው ከንፈራቸውን የሚያነቃንቁ ወጣቶች ያያል። አንዱ ጣቱን እያጠፈ ወደ ሰማይ ያፈጣል፤ ሌላው ደበሎውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። ሰላም ቢላቸው የሚመልስለት ላያገኝ ይችላል። ቅኔ እየቆጠሩ ነው። የቆጠሩትን ይዘው ለነገራ ይቀርባሉ፤ ያሰማሉ። ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሳል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪዘልቅ ድረስ ሥራው መፍጠር ነው። የሌላውን ሰምቶ እንደራሱ ማቅረብ ነውር ነው፤ የትናንትን ማቅረብም አያስመሰግንም።

በምሥራቅ ጎጃም ብቸና ወይም ሞጣ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ዲማ ጊዮርጊስ ለብቸና ጎረቤት ነው። ደብረ ወርቅ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊ ትምህርት ፍለጋ አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት በዲማ፣ በደብረ ወርቅና በደብረ ኤልያስ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለው እዚያው ዲማ ነው፤ ወጣቱ በዛብህም ከዚያ ቤት የገባው የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ነበር። መጨረሻው ባያምርም በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከሱ የበለጠ ስሙ የታወቀ የንባብ አስጠኚ የለም። ቅኔ የተማረ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ፊደል ሲያስቆጥር ማየት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር ስላልነበር፣ ደራሲው ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም።

ወደ ቅኔ ቤቱ እንመለስና፣ እንግዳው ከሩቅ የማያየው አንድ ነገር አለ። የኔታ ጀማሪውን ሁሉ አይሰሙም፤ ጊዜውም ጉልበቱም አይበቃቸውም። ጀማሪው የሚያቀርበው ለአስነጋሪ ነው። አስነጋሪው ደግሞ ራሱ ተማሪ ነው። ቀን የራሱን መወድስ ሲያምጥ ውሎ፣ ማታ የጀማሪውን ጉባኤ ቃና ያቃናል፤ ግስ ያወርድለታል፤ አገባቡን ያስረዳዋል፤ ምሥጢሩ የላላበትን ያሳየዋል። ሲያቃና ደግሞ ለራሱም ይማራል፤ ምክንያቱም የሌላውን ስንኝ ለምን እንደማይሆን ማስረዳት ያልቻለ፣ የራሱን ማረም አይችልም። ድርሰት መማርና ማስተማር እዚያ ቤት ሁለት የተለያዩ ክፍለ ጊዜዎች ሆነው አያውቁም። ደብተርና ብዕር የሌለው፣ በቃል የሚሄድ ትምህርት መሆኑ ልዩነት ያመጣል፤ ቢሆንም አሠራሩ ዛሬ ኮሌጆቻችን ያጡት አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮሌጁ ምን እንዳጣ ለማየት መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች አንድ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ ከመዛኙ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ሰዓት ይያዝበታል፤ 60 ሴኮንድ። መጀመሪያ የተዘበራረቁ ፊደላት፣ ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት፣ ከዚያ አጭር ታሪክ። ታሪኩን አንብቦ ሲጨርስ ጥያቄ ይጠየቃል። ውጤቱ ሲወጣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶዎቹ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ነገር ግን የመነሻው ችግር ጎርፍ እንደ በላው ማሳ በአንድ ክረምት የሚያገግም አልነበረም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። አገሩ ደነገጠ። ሁለተኛ ክፍልን የሚያስታውስ ግን ብዙም አልተሰማም።

ልጁ ለምን አላነበበም? አንዱ ምክንያት ክፍሉ ውስጥ ስንቆም በጆሮ ይሰማል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ…» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ዜማው ያምራል። ዜማው ግን ፊደሉን ይሸፍነዋል፤ ሕፃኑ ተራውን በጆሮው ይዞ፣ መምህሩ ድንገት መካከል ላይ ያለችውን ፊደል ሲያመለክቱ ዝም ይላል። የድሮ ፊደል አስቆጣሪዎች ይህን በሽታ ያውቁት ነበር። አቡጊዳ መድኃኒቱ ነው፤ ፊደሉንም ድምፁንም አንድ ላይ ስለሚያዘበራርቅ በዜማ ብቻ ሊወጡት አይቻልም። ከአቡጊዳ ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ ዳዊት ይመጣል። በዚህ ሁሉ ደረጃ ልጁ አጠገብ አንድ ከሱ ጥቂት የቀደመ ልጅ ተቀምጦ እንጨት ይዞ ይከተለዋል። ያ ልጅ መምህር አይደለም፤ ደመወዝ የለውም። የሚሰጠው ጆሮውን ነው።

ማንበብ የሚማር ልጅ በዋናነት የሚፈልገውም ይኸው ነው፦ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሲሳሳት ሳይቆጣ የሚሰማው አንድ ሰው። ክፍል ሙሉ ልጅ የያዘ መምህር ይህን ለእያንዳንዱ ሊያደርግ አይችልም፤ የመምህሩ ስንፍና አይደለም፣ ሒሳቡ አይፈቅድም።

አሁን ወደ ኮሌጁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ይወስዳል። ቶፒክ ሴንተንስ ምን እንደሆነ ይነገረዋል፤ ስለ ከተማና ገጠር ኑሮ ልዩነት አንድ አንቀጽ ጽፎ እንዲያመጣ ይታዘዛል። አማርኛ የሚያጠና ከሆነም በጽሕፈት ክሂል ኮርስ ገላጭ፣ ተራኪና አመዛዛኝ ድርሰት ይጽፋል። አንቀጹ ለመምህሩ ይገባል። መምህሩ ከተከመረው ወረቀት መካከል አውጥተው፣ ቀይ አስምረውበት፣ ከአሥር ስድስት ሰጥተው ይመልሱታል። በዚህ ያበቃል። ያ ጽሑፍ በምድር ላይ አንድ አንባቢ ብቻ ነበረው፤ እሱም የሚያነበው ስህተት ለመልቀም ነው። ተማሪው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ከበላዮቹ ተማሪዎች የተረፈ አንቀጽ ፈልጎ፣ ዛሬ ዛሬም ከስልኩ ገልብጦ ያስገባል። ቅኔ ቤት ቢሆን አስነጋሪው በሁለተኛው ቃል ይይዘው ነበር።

እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ረሀብተኞች አሉ። አንዱ የሚያነብለት ያጣ ጸሐፊ፣ ሌላው የሚያነበውም የሚሰማውም ያጣ ሕፃን። ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ይመስላል። አገራችን ተማሪን ወደ ገጠር ለመላክ ሰንፋ አታውቅም፤ ይልቅስ በዚህ ሥራ ከብዙ አገሮች ትቀድማለች።

የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ወደ ክፍለ ሀገር አሰማርቷል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። ብዙ የጠቅላይ ግዛት ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ሰው ጋር የተዋወቀው በነሱ ነው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ገጠሩን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሲመለሱ ዝም ብለው እንዳልተቀመጡ የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ ያነበበ ያውቃል።

ከዚያ ዕድገት በኅብረት መጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ዘመቻው የዕውቀትና የሥራ ይባል እንጂ፣ የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ፊደል ማስተማሩ ወደ ጎን ተብሎ ገበሬ ማኅበር ማደራጀቱ ቀደመ። ፊደሉ ሙሉ ትኩረት ያገኘው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ጠመኔና ፋኖስ ይዘው ወረዱ፤ ከእርሻ የመጣ ገበሬ፣ ሕፃን ያዘለች እናት በማታ ክፍል ተቀመጡ። ትምህርቱ መጨረሻ ላይ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ዩኔስኮም ሸልሞታል። ዛሬም በምሥራቅ ጎጃም ፊርማቸውን የለመዱት በመሠረተ ትምህርት መሆኑን የሚናገሩ አዛውንቶች አይጠፉም።

ያ ዘመቻ የት ላይ ላላ? እኔ እንደምረዳው ከፊደሉ ማግስት ነው። ሰውዬው አንባቢ ሆነ፤ ቤቱ ግን የሚነበብ ነገር አልገባም። ዳዊት ለደገመ ዳዊት አለው፤ በመሠረተ ትምህርት የወጣው ሰው የተሰጠውን መጽሐፍ ከጨረሰ በኋላ በቋንቋው፣ በሚያውቀው ነገር ላይ፣ በአቅሙ የተጻፈ ገጽ ማግኘት ብርቅ ሆነበት፤ ብዙው ተመልሶ ረሳ። ያስተማሩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከዓመት በፊት ትምህርት ቤት ድርሰት ሲጽፉ የነበሩ ናቸው። ጽፋችሁ አስነብቡ ያላቸው የለም። እንዲያስተምሩ እንጂ እንዲጽፉ አልተላኩም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይህ ለብቸናና ለሞጣ ለየት ያለ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ጎጃም ሲያምፅ፣ ሁለቱ አውራጃዎች ከዋና ዋና ማዕከላቱ መካከል ነበሩ። መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻም ግብሩን እንደታሰበው መሰብሰብ አልሆነለትም። የዚያ አመፅ ቁጣ ያረፈው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማሳ ላይ በሚቆመው ግብር ገማች ላይ ነው። ከዚያ በፊትም መሬት ሊለካ ቀላድ የሚጥል ሰው በአካባቢው አልተወደደም። እንግዲህ ደብተር ይዞ መንደር የሚገባ፣ «ስንት ልጅ አለዎት? ምን ያህል ያርሳሉ?» የሚል ተማሪ በዚህ አገር ማንን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ዛሬ ደግሞ በክልሉ ባለው ጦርነት የተነሳ ጥርጣሬው የባሰ ምክንያት አለው።

ይህን ያነሳሁት ሌሎች አገሮች ውስጥ ኮሌጁን ከመንደሩ ጋር ያገናኙ መምህራን በሚጽፈውና በሚጻፍበት ሰው መካከል ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ግድግዳ ስለገጠማቸው ነው። በአሜሪካ ቤንትሌይ ኮሌጅ ብሩስ ሄርዝበርግ የሚባሉ የድርሰት መምህር ተማሪዎቻቸውን ቦስተን ከተማ ውስጥ ቤት አልባ ሰዎች በሚጠለሉበት ቤት ንባብ እንዲያስጠኑ ይልኳቸው ነበር፤ ልምዱን በ1994 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። የመምህሩ ሥጋት ተማሪዎቹ መልካም አይሠሩም የሚል አልነበረም፤ ያን ሠርተውታል። ሥጋታቸው ተማሪው ተመልሶ ሲጽፍ «ሰውዬው ያልተማረው ስላልጣረ ነው» ብሎ እንዳይደመድም ነው። ስለዚህ የድርሰቱ ኮርስ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ማንን እንደሚጥሉ የሚያስነብብ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቶማስ ዲንስ የተባሉ ሌላ ምሁር እንዲህ ያሉትን ኮርሶች በሦስት ከፈሏቸው፦ ለማኅበረሰቡ የሚጽፉ፣ ስለ ማኅበረሰቡ የሚጽፉና ከማኅበረሰቡ ጋር የሚጽፉ።

ክፍፍሉ ለብቸናና ለሞጣ ጥሩ መነጽር ነው። ስለ ማኅበረሰቡ መጻፍ በኛ አገር በብዛት አለ። የመምህራን ሥልጠና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሲለወጥ ፕራክቲከም መጣ፤ የኮሌጅ ሠልጣኝ ትምህርት ቤት ገብቶ ይታዘባል፣ ያስተምራል፣ ያየውንም ጽፎ ፖርትፎሊዮ ያስገባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ የክፍሉ ስፋት፣ የተማሪው ብዛት፣ «መምህሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አልተጠቀሙም» የምትል ዓረፍተ ነገር። ጥራዙ ቢሮ ይገባል። የታየው ትምህርት ቤት ግን አያነበውም። ገማቹ መጥቶ ለክቶ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። በክረምት ደግሞ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመጡ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። እሱም በአብዛኛው ሒሳብና ፊዚክስ፣ ለፈተና ለሚቀመጡት ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ለመቀመጥ የሚመዘገብ እምብዛም የለም፤ ቀላል ሥራ ስለሚመስል። ቀላል አይደለም።

እንግዲህ የአማርኛ ጽሕፈት ኮርስ የሚወስድ አንድ የኮሌጅ ተማሪ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከአንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ብቸና ላይ ተቀመጠ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ሥራው መስማት ነው። የትኞቹን ፊደላት እንደምታውቅ፣ የትኞቹ ላይ እንደምትቆም፣ ኳና ጓ ሲመጡ ምን እንደምታደርግ ይመዘግባል። ማታ ወደ ኮሌጁ ተመልሶ የሚጽፈው ሪፖርት አይደለም። የምትችላቸውን ፊደላትና ቃላት ብቻ ተጠቅሞ፣ አንድ ሁለት አዲስ ጨምሮ፣ አንድ ገጽ ታሪክ ይጽፍላታል። ይህን የሞከረ ሰው የድርሰት ትምህርቱን ሁሉ አዲስ ያገኘዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ልጅቷ መሀሉ ላይ ትጠፋለች፤ ተማሪው ለዓመታት ያልገባው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ጉዳይ በአንድ ደቂቃ ይገባዋል። «በአሁኑ ወቅት እየተካሄደ ባለው» የሚል ሐረግ እዚያ ገጽ ላይ አይኖርም፤ ልጅቷ አታሳልፈውም። ግሡ በመጨረሻ ስለሚመጣ እስከዚያ ድረስ ሐሳቡን ይዛ መቆየት እንድትችል ቅደም ተከተሉን ማሰብ ግድ ይለዋል። ታሪኩ ደግሞ ካልጣማት አይኗን ወደ መስኮት ታዞራለች። ከዚህ የበለጠ ፈጣን አራሚ የትም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

ስለ ምን ይጻፍ? ከመማሪያ መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ልጁ የሚያውቀው አገር ነው። ስለ አበበና ስለ በሶው ስንት ትውልድ አነበበ! ከብቸና እስከ ሞጣ ግን ጤፍ ይወቃል፣ የጮቄ ብርድ ይወርዳል፣ ከሞጣ ማዶ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ ቆሞአል፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰበረ፣ የሁለቱ ዳር ሰዎች ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ የተሻገሩበት። አያት የሚተርኩት አለ። የኮሌጁ ተማሪ አያትየውን ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ለልጅቷ ሰጥቶ፣ እሷ ደግሞ ለአያቷ ስታነብላቸው፣ ያኔ ከማኅበረሰቡ ጋር መጻፍ የሚባለው ይፈጸማል። ደብተር ይዞ የመጣውም ሰው ምን ጽፎ እንደወጣ ቤተሰቡ ሰምቷል ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ያሳተሙት እንዲህ ያለ ንባብ መጥፋቱ አሳስቧቸው ይመስለኛል።

የሚያስቸግረውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ይቀራል፤ ልጅቷ ግን መጠበቅ አታቆምም። ጀምሮ መተው ካለመጀመር ይከፋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለንባብ አስጠኚነት ሲያሰማሩ ለሥራው እየከፈሉ ነበር፤ ያለምክንያት አልነበረም። እኛ ዘንድ የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ የሚከፈለው ማርክ ነው። ሥራው የኮርሱ አካል ካልሆነና ውጤት ካልተያዘበት በስብከት ብቻ አይቆይም። ማርክ ሲያዝበት ደግሞ «በጎ ፈቃድ» መባሉ የሚያከራክር ይሆናል፤ እኔ ክርክሩን ልጅቷ ማንበብ ከለመደች በኋላ ብንቀጥለው እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ጦርነቱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራን ደመወዝና ደኅንነት አጥተዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት መካከል ነው። በዚህ ጊዜ ወጣት ተማሪን ከከተማ ወደ መንደር መላክ ኃላፊነት የጎደለው ነው። ስለዚህ ማንንም መላክ አያስፈልግም። ወላጆቹ ዘንድ ያለ የኮሌጅ ተማሪ አይጠፋም። ያላነበበችው ልጅም ጎረቤቱ ናት፤ አንዳንዴም እህቱ። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና አንድ ሰዓት ነው።

የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። የኮርስ ዝርዝር የሚለወጠው በትምህርት ክፍሉ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ውጤት እንዴት እንደሚያዝ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመቶው ሃያው ለተጻፉት ገጾች፣ ሃያው ለማስታወሻው ይሁን ቢባል የሚቃወም ያለ አይመስለኝም። የቀረውን ስልሳ ማን ይስጠው የሚለው ላይ ግን መምህራኑ ይከራከራሉ። ወረቀቱን ያረመው መምህር ይስጥ? ወይስ ገጹ ልጅቷ ፊት ተቀምጦ ሰዓት ይያዝባት?